«ተከራዩ ሞርጌጄን (የቤት ብድሬን) ይከፍልልኛል»፦ ከላይ እየኖሩ ከታች ማከራየት ነገሩ እንዴት ነው?

አዲስ አበባ ግቢ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ይሄን ነገር ማንም ሊያስረዳው አይገባም። ዋናው ቤት አለ፣ ከጓሮ ሶስት አራት ክፍል ሰርቪስ አለ፣ ወር ሲገባ እናታችን ኪራይ ትሰበስባለች፣ የመብራት ሂሳብ ሲመጣ ማን ካውያ አለው ማን ምጣድ አለው እየተባለ ይካፈላል፣ ማታ በር የሚዘጋበት ሰዓት አለ። በቃ ይሄው ነው። አሁን እዚህ ዋሽንግተን ዲሲና ዙሪያዋ ስንኖር ያንኑ ነገር «ሀውስ ሀኪንግ» የሚል ስም አውጥተውለት ቲክቶክ ላይ እንደ አዲስ ግኝት ይነግሩናል፣ «ባለ ሁለት ዩኒት ቤት ግዛ፣ አንዱ ውስጥ ኑር፣ ሌላውን አከራይ፣ በነጻ ትኖራለህ» ይላሉ። ዩኒት የሚሉት ለብቻው በርና ኩሽና ያለው መኖሪያ ነው።

ነገሩ ውሸት አይደለም ግን ግማሹ ነው የሚነገረው። በዚህ መንገድ ቤት ገዝቼ ከላይ እየኖርኩ ቤዝመንቱን (ከቤቱ ስር ያለውን ምድር ቤት) ሳከራይ ዓመታት ሆኖኛል፣ በየለቅሶውና በየሰርጉ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ እዚሁ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው። የምናገረው በተለይ ስለ ዲሲ ነው፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላይ የአከራይ ተከራይ ሕጉ ይለያል፣ የባንክና የፌዴራል ታክሱ ጉዳይ ግን የትም ስቴት አንድ ነው።

ስንት ዩኒት ያለው ቤት ነው የሚባለው?

ባንክ ዘንድ ከ1 እስከ 4 ዩኒት ያለው ቤት «መኖሪያ ቤት» ነው። አምስተኛው ዩኒት ሲጨመር ንግድ ሆነ ማለት ነው፣ የብድሩ ዓይነት፣ ቅድሚያ ክፍያው፣ ወለዱ ሁሉም ይቀየራል። ስለዚ አራት ላይ ትልቅ አጥር አለ፣ ከአጥሩ ወዲህ እስካላችሁና ራሳችሁ እስከኖራችሁበት ድረስ ተራ ቤት ገዢ የሚያገኘውን ብድር ታገኛላችሁ። ዲሲ ውስጥ በጣም የተለመደው ሮው ሀውስ የሚሉት ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራው ቤት ነው፣ ወደ ዋናው በር የሚያስወጣ ደረጃ አለ፣ ከደረጃው ስር ወደ ቤዝመንቱ የምታስገባ ሌላ ትንሽ በር አለች። ያቺ ትንሽ በር ናት የዛሬው ወሬያችን።

3.5 ፐርሰንት ብቻ ከፍሎ መግዛት እውነት ነው?

እውነት ነው። ኤፍኤችኤ የሚባለው የመንግስት ፕሮግራም ከ1934 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ነው። ብዙ ሰው መንግስት ያበድራል ብሎ ያስባል፣ አያበድርም፣ የሚያበድረው ባንኩ ነው፣ መንግስት ዋስ ነው የሚሆነው። ሀገር ቤት ስራ ለመቀጠር ደሞዝተኛ ዋስ አምጣ ይባል የለ? እንደዛ። ዋስ ስላለ ባንኩ ይደፍራል፣ ክሬዲታችሁ (ብድር የመክፈል ታሪካችሁ የሚለካበት ነጥብ) 580 እና ከዛ በላይ ከሆነ 3.5 ፐርሰንት ይበቃዋል፣ እስከ 4 ዩኒት ድረስ።

ግን የኛ ሀገር ዋስ አጎት ነው፣ ምሳ ከጋበዝከው በቂ ነው፣ ይሄኛው ዋስ ያስከፍላል። መጀመሪያ የብድሩን 1.75 ፐርሰንት (ብዙ ጊዜ ብድሩ ላይ ይደመራል)፣ ከዛ በየዓመቱ ግማሽ ፐርሰንት ገደማ፣ 3.5 ብቻ ለከፈለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ 0.55። ቅድሚያ ክፍያችሁ ከ10 ፐርሰንት በታች ከሆነ ይሄ ዓመታዊ ክፍያ ብድሩ እስኪያልቅ ወይም ሪፋይናንስ እስክታደርጉ (በአዲስ ብድር እስክትቀይሩት) አይቀርም። በዚህ የመንግስት ዋስ የማይሰራው፣ ከባንኮች የቤት ብድር የሚገዛው ፋኒ ሜይ የሚባል ድርጅት ደሞ ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ ባለቤቱ ለሚኖርበት ከ2 እስከ 4 ዩኒት ቤት 5 ፐርሰንት ይበቃል ብሏል፣ ክሬዲቱ ጥሩ የሆነ ሰው ሁለቱን ማወዳደር አለበት።

ግዴታው አለ። ኤፍኤችኤ ከሆነ በ60 ቀን ውስጥ መግባት፣ ቢያንስ አንድ ዓመት መኖር። «እኖራለሁ» ብሎ ፈርሞ ቀጥታ ሁለቱንም ዩኒት ማከራየት ብልጠት የሚመስላቸው አሉ፣ የፌዴራል ወንጀል ነው፣ ስለሱ ሌላ የምለው የለኝም።

ታዲያ በነጻ ይኖራል ወይስ አይኖርም?

ቁጥር እናውጣ፣ ለምሳሌ እንዲሆን ብቻ። ቤቱ 600,000 ዶላር ይሁን። 3.5 ፐርሰንት ማለት 21,000 ነው፣ የመዝጊያ ወጪው (ግዢው ሲፈጸም የሚከፈለው ልዩ ልዩ ክፍያ) ለብቻው ነው እንዳትረሱ። ብድሩ 579,000፣ የዋሱ 1.75 ሲደመርበት 589,132 ገደማ። በ6.5 ፐርሰንት ወለድ በ30 ዓመት ወርሃዊ ክፍያው 3,724 ዶላር ይመጣል፣ ዓመታዊው የዋስ ክፍያ በወር 265፣ የንብረት ታክስና ኢንሹራንስ 600 ብንለው፣ ጠቅላላ 4,589።

ቤዝመንቱ በ1,900 ተከራየ። እሰይ! ስለዚ የናንተ ድርሻ 2,689 ነው። በነጻ የታለ? ባለ ሁለት ዩኒት ላይ በዚህ ዋጋ በነጻ መኖር የለም፣ ኪራዩ ይቀንስላችኋል እንጂ አይከፍልላችሁም። ደሞ 1,900ው ሙሉ የናንተ አይደለም። በዓመት አንድ ወር ባዶ ቢቀር ብላችሁ አካፍሉት፣ በወር 158 ሄደ። ለቦይለሩ ለፍሪጁ ለቧንቧው በወር 250 አስቀምጡ። ቀረ 1,490 ገደማ።

አሁን ባንኩ ምን እንደሚያደርግ እዩ። ገቢያችሁን ሲያሰላ ከኪራዩ 75 ፐርሰንቱን ብቻ ነው የሚቆጥርላችሁ፣ 1,425 ማለት ነው። ሰዎች «ባንኩ ሩቡን ቆረጠብኝ» ብለው ይናደዳሉ፣ እኔም ተናድጄ ነበር፣ ግን አሁን እንደሰራነው ሂሳብ ባንኩ ልክ ነው፣ ሩቡ በባዶ ወርና በጥገና እንደሚሄድ ያውቀዋል።

3 እና 4 ዩኒት ሲሆን ኤፍኤችኤ ሌላ ፈተና ያመጣል፣ ቤቱ ራሱን ይችላል ወይ የሚል። የቤቱን ዋጋ የሚገምተው ባለሙያ የሁሉንም ዩኒት ኪራይ ይገምታል፣ እናንተ የምትኖሩበትን ጨምሮ፣ የዛ 75 ፐርሰንት ጠቅላላውን ወርሃዊ ክፍያ መሸፈን አለበት። ቤት ውድ በሆነበት ከተማ ብዙ ሰው ዋና ዋናውን ሁሉ አሟልቶ እዚች ጋ ነው የሚወድቀው፣ ከዚህም ሌላ የሶስት ወር ክፍያ መጠባበቂያ ባንክ ውስጥ ማሳየት ያስፈልጋል።

ቤቱ የፈረሰ ነው፣ ማደሻውን ብር ከየት ነው የማመጣው?

በእጅ ብር ካለ ጥሩ። ከሌለ 203ኬ የሚባል የኤፍኤችኤ ብድር አለ፣ የቤቱን ዋጋና የማደሻውን ብር አንድ ላይ ጠቅልሎ ያበድራል። ሁለት ዓይነት ነው። ትንሹ ከኖቬምበር 2024 ጀምሮ እስከ 75,000 ዶላር ይሄዳል (በፊት 35,000 ነበር)፣ ኩሽና፣ መታጠቢያ፣ ጣሪያ፣ ወለል ምናምን ይሰራበታል፣ የቤቱን አጥንት መንካት ግን አይቻልም። ትልቁ ግድግዳ ማፍረስም መሰረት መጠገንም ይፈቅዳል፣ ግን ስራውን የሚከታተል አማካሪ መቅጠር ግዴታ ነው።

ብሩ እጃችሁ አይገባም፣ ይሄን ሰው አይረዳውም። ዕቁብ ዳኛ ጋ እንደተቀመጠ ብር አስቡት። ኮንትራክተሩ ይሰራል፣ ኢንስፔክተር ያያል፣ ከዛ ለተሰራው ብቻ ይለቀቃል፣ በትልቁ 203ኬ ከየክፍያው 10 ፐርሰንት እየተያዘ ስራው ሲያልቅ ይሰጣል። «ወንድሜ አናጢ ነው እኛው እንሰራዋለን» ማለት ብዙ አይሰራም፣ በራስ ጉልበት መስራት የሚፈቀደው ችሎታችሁን አሳምናችሁ ነው፣ ለጉልበታችሁም አይከፈላችሁም።

እድሳቱን ከየት ልጀምር?

እዚ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የኔ ብር የሄደው እዚ ነው።

ቤቱን ስገዛ ቤዝመንቱ ጨለማ ነበር፣ ጥግ ጥጉ ላይ ቡና የፈሰሰ የሚመስል ምልክት አለ። እኔ ምን አየሁ? ኩሽናውን አየሁ። ቆንጆ ካውንተር፣ አዲስ ወለል፣ ነጭ ቀለም፣ ሁለት ቅዳሜና እሁድ ከጓደኞቼ ጋር ጉድ ጉድ ብለን ጨረስነው፣ ፎቶውን ስለጥፍ በሳምንቱ ተከራየ። አንድ ትሁት ልጅ ነው የገባው፣ ማታ ማታ ኡበር የሚሰራ።

ጁላይ ላይ አንድ ሌሊት ዝናቡ የሀገር ቤት ነሐሴ ሆነ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ስልኬ ጮኸ።

«ጋሼ ይቅርታ ቀሰቀስኩህ፣ ሻወሩ ውስጥ ውሃ እየሞላ ነው።»

«ዝጋዋ ታዲያ!»

«አልከፈትኩትም እኮ።»

ወርጄ ሳይ ውሃው ከላይ አይደለም የሚመጣው፣ ከወለሉ ፍሳሽ ቀዳዳ ወደ ላይ እየወጣ ነው፣ ሽታው አይነገርም፣ ያቺ አዲሷ ወለል እንደ ጀልባ ተንሳፍፋ ከእግሬ ስር ትንቀሳቀሳለች። በነጋታው ቧንቧ ሰራተኛው ካሜራ አስገብቶ በስክሪን አሳየኝ። የፍሳሽ ቱቦው የድሮ ሸክላ ነው፣ በመገጣጠሚያው በኩል የመንገዱ ዳር ዛፍ ሥር ገብቶ እንደ ጎፈሬ አብቧል። ውሃ መውጫ ሲያጣ ዝቅተኛውን ቀዳዳ ይፈልጋል፣ ዝቅተኛው ቀዳዳ ደሞ ሁሌም የቤዝመንቱ ሻወር ነው።

ከተማውም ያግዘዋል። የዲሲ ሲሶ ያህሉ የድሮው ክፍል የዝናብ ውሃውና የቤት ፍሳሹ በአንድ ቱቦ ነው የሚሄዱት፣ ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ ቱቦው ይጠግባል፣ ሲጠግብ ይመልሳል። ለዚህ መድኃኒቱ ውሃ ወደ ውጭ እንጂ ወደ ውስጥ እንዳያልፍ የሚያግድ ባንድ በኩል ብቻ የሚከፈት ቫልቭ ነው። ኢንሹራንሱ ጋ ስደውል ደሞ ተራው የቤት ኢንሹራንስ ወደ ኋላ የተመለሰ ፍሳሽን አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም፣ ለብቻው የሚጨመር ሽፋን ነው፣ እኔ አልጨመርኩም። የልጁ ፍራሽና ላፕቶፕ በኔ ኢንሹራንስ አይሸፈንም ነበር፣ ለሱ ተከራዩ የራሱ የሬንተርስ ኢንሹራንስ ሊኖረው ይገባል፣ አሁን በሊዙ ላይ እጽፈዋለሁ። (ሊዝ ስል የኪራይ ውሉን ነው፣ የመሬት ሊዝ እንዳይመስላችሁ።)

ስለዚ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፣ መጀመሪያ ውሃ። ጣሪያው፣ አሸንዳው፣ አሸንዳው ውሃውን የት ነው የሚያፈሰው (ከግድግዳው ስር ከሆነ ቤዝመንታችሁ ውስጥ ነው)፣ ከቤቱ ዙሪያ ያለው መሬት ወዴት ያዘነብላል፣ የፍሳሽ ቱቦው በካሜራ ሲታይ ምን ይመስላል። ካሜራውን ከመግዛታችሁ በፊት አስገቡት፣ ተራው የቤት ኢንስፔክሽን ቱቦ ውስጥ አያይም። ከውሃ ቀጥሎ መብራት፣ የድሮ ሽቦ ለአንድ ቤተሰብ የተዘረጋ ነው፣ ሁለተኛ ኩሽና ሲጨመርበት አይችልም። ከዛ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ። ከዛ በሁለቱ ዩኒት መካከል ያለው ጣሪያ፣ እሳት ቢነሳ አንድ ሰዓት የሚቋቋም እንዲሆን የህንጻ ኮዱ ይጠይቃል፣ ወፈር ያለ ድራይዎል (የጂፕሰም ሰሌዳ) ነው የሚገባበት፣ እግረ መንገዳችሁን ድምጽ የሚያፍን ነገር ክተቱበት፣ ቅዳሜ ጠዋት ቡና ሲወቀጥ ከታች ያለው ሰው የሚሰማውን አስቡ። ቀለምና ካውንተር መጨረሻ ናቸው። እኔ መጨረሻውን አስቀድሜ ሁለት ጊዜ ከፈልኩ።

ቤዝመንት መቼ ነው «ቤት» የሚሆነው?

አልጋና ምድጃ ስለገባበት አይደለም። የመኖሪያ ክፍል ጣሪያው በአጠቃላይ 7 ጫማ፣ ማለትም 2 ሜትር ከ13 ሳንቲም ያህል ከፍታ ይፈልጋል። መኝታ ክፍል ከሆነ እሳት ሲነሳ ሰው የሚወጣበት መስኮት ያስፈልጋል፣ ብዙ ከተሞች የሚከተሉት ኮድ መስኮቱ ሲከፈት ቢያንስ 5.7 ካሬ ጫማ ክፍት እንዲሆን (ከመሬት እኩል ከሆነ 5)፣ የታችኛው ጠርዙ ደሞ ከወለሉ ከ44 ኢንች እንዳይበልጥ ይላል። ለምን 44 ኢንች? ጭስ ውስጥ ያለ ሰው፣ ልጅም ሊሆን ይችላል፣ ያለ ወንበር መውጣት ስላለበት። ለድሮ ቤቶች የተለየ አሰራር ሊኖር ስለሚችል ሜትራችሁን ይዛችሁ የህንጻ ቢሮውን ጠይቁ፣ ከመግዛት በፊት ግን፣ ምክንያቱም ጣሪያው ዝቅ ያለ ቤዝመንት ለማሳደግ ያለው መንገድ ወለሉን መቆፈር ነው፣ ቁፋሮ ደሞ የቤቱን መሰረት መንካት ስለሆነ ዋጋው ሌላ ነው።

ከዛ ወረቀቱ። ዲሲ ውስጥ ግንባታውን የሚፈቅደው የህንጻ መስሪያ ቤቱ ነው፣ የማከራየት ፈቃዱን የሚሰጠው ደሞ ሌላ መስሪያ ቤት ነው፣ እስከ 2022 ድረስ ሁለቱ አንድ ነበሩ፣ ስለዚ የቆየ ሰው የሚሰጣችሁ ምክር የድሮውን ቢሮ ሊሆን ይችላል። ፈቃዱ ሲወጣ ኢንስፔክተር ይመጣል፣ የጭስና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያውን ያያል።

«ማን ያውቅብኛል?» የሚል አለ። ተከራዩ ያውቅባችኋል። በ1968 የዲሲ ይግባኝ ፍርድ ቤት አንድ ጉዳይ ላይ የወሰነው አለ፣ አከራዩ ተከራይቷን ኪራይ አልከፈለችም ብሎ ይከሳል፣ ቤቱ ደሞ ሽንት ቤቱ የተደፈነ፣ የደረጃ መደገፊያው የተሰበረ፣ የቤዝመንቱ ጣሪያ ከሚፈቀደው በታች የሆነ ነው፣ አከራዩም ይሄን ከማከራየቱ በፊት ያውቅ ነበር። ፍርድ ቤቱ ውሉ ከመጀመሪያውም ፈራሽ ነው አለ። የፈረሰ ውል ይዞ ኪራይ መጠየቅ አይቻልም። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1970 ደሞ ሌላ ፍርድ መጣ፣ ማንኛውም የኪራይ ውል ውስጥ ባይጻፍም «ቤቱ ለሰው ይሆናል» የሚል ቃል እንዳለ ይቆጠራል የሚል፣ ይሄ ኋላ በአብዛኛው አሜሪካ ተስፋፋ። ያለ ፐርሚት የተሰራ ቤዝመንት ላይ የምትቀበሉት ኪራይ እንዲህ ያለ ነገር ላይ የቆመ ነው።

የራሴን ቤት ቀለም ለመቀባትም ሰርተፊኬት?

አዎ፣ ሊያስፈልግ ይችላል፣ ይሄን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ከ1978 በፊት የተሰራ ቤት ቀለሙ ውስጥ እርሳስ (ሌድ) ሊኖር ይችላል፣ አቧራው የልጆችን አእምሮ ይጎዳል። ራሳችሁ በምትኖሩበት ክፍል ራሳችሁ ብትሰሩ ፌዴራሉ አይጠይቃችሁም። በምታከራዩት ዩኒት ውስጥ ግን ኪራይ ስለምትቀበሉ እንደ ኮንትራክተር ነው የሚያያችሁ። በአንድ ክፍል ከ6 ካሬ ጫማ በላይ የድሮ ቀለም የምትፍቁ ከሆነ ወይም መስኮት የምትቀይሩ ከሆነ ስልጠና ወስዶ ሰርተፊኬት ያለው ሰው መስራት አለበት። ተከራይ ከመፈረሙ በፊትም ስለ ሌድ የምታውቁትን በጽሁፍ መንገርና መንግስት ያዘጋጀውን ትንሽ መጽሔት መስጠት ግዴታ ነው።

«ለሐበሻ ብቻ» ብሎ ማስታወቂያ ማውጣት ይቻላል?

ይሄ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ የሚታለፍ ነው፣ ምክንያቱም በየሱቁ በር ላይ «ሴት ሐበሻ፣ የማታጨስ» ተብሎ ተለጥፎ ስለምናየው ደህና ይመስለናል።

በ1968ቱ የፌዴራል የቤት ሕግ በዘር፣ በሃይማኖት፣ በትውልድ ሀገር፣ በኋላ ደሞ በጾታ፣ በአካል ጉዳትና ልጅ በመኖሩ ሰውን መለየት ክልክል ነው። ሕጉ ሲወጣ አንዲት «ወይዘሮ መርፊ» የምትባል የምናብ ሴትዮ ነበረች፣ ባሏ የሞተባት፣ ቤቷ ውስጥ ክፍል አከራይታ የምትኖር፣ ልክ እንደኛ እትዬዎች። እሷን እናስገድዳት ወይ ተብሎ ተከራክረው ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበት እስከ 4 ዩኒት የሆነ ቤት ከአብዛኛው ግዴታ ወጣ። ግን ማስታወቂያው አልወጣም። ወይዘሮ መርፊም ብትሆን «ለእንዲህ ዓይነት ሰው ብቻ» ብላ መጻፍም መናገርም አትችልም። ለየት የሚለው ኩሽናና መታጠቢያ የምትጋሩበት ክፍል ሲሆን ነው፣ እዛ ላይ ጾታ መጥቀስ ይፈቀዳል። ዘርን በተመለከተ ደሞ ከ1866 ጀምሮ ያለው የሲቪል መብት ሕግ ለማንም ቀዳዳ አይተውም። የዲሲ ሕግ ከፌዴራሉም ይሰፋል፣ ለምሳሌ መንግስት ኪራዩን በቫውቸር የሚከፍልለትን ሰው «ቫውቸር አልፈልግም» ብሎ መመለስ አይቻልም።

የሚቻለው ምንድነው? ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት መስፈርት ይዞ መገምገም። ገቢው፣ የቀድሞ አከራዩ የሚለው፣ በሰዓቱ ይከፍል ነበር ወይ። በአማርኛ ማስታወቂያ ማውጣት ራሱ ችግር አይደለም፣ ሌላውን ከመለሳችሁ ነው ነገሩ።

አልከፍልም ቢለኝስ?

ሀገር ቤት «በቃ ወር ሲሞላ ልቀቅልኝ» ነው። እዚ ቁልፍ መቀየር፣ መብራት ማጥፋት፣ እቃ ማውጣት የለም። ተከራዩ ስድስት ወር ባይከፍልም እንኳ እናንተ ራሳችሁ ካስወጣችሁት ተከሳሹ እናንተ ናችሁ። በፍርድ ቤት ብቻ ነው፣ ዲሲ ላይ ደሞ ሰው የሚያስወጡት የፌዴራል ማርሻሎች ናቸው፣ እስከዛ ወራት ይሄዳል፣ ሞርጌጁ ግን ወሩን አይዘልም። ለዚህ ነው ከላይ መጠባበቂያ መጠባበቂያ የምለው።

ለማርፈድ የሚጣለው ቅጣትም ገደብ አለው፣ ከአምስት ቀን በኋላ ነው፣ ከኪራዩ 5 ፐርሰንት መብለጥ አይችልም።

ሌላ አንድ ወረቀት አለ፣ ሰው የሚረሳው። ዲሲ የኪራይ ጭማሪ ቁጥጥር አላት፣ ከ1985 ጀምሮ ባለው ሕግ። በግለሰብ ስም የተያዘና 4 ወይም ከዛ በታች የሚከራይ ዩኒት ያለው ትንሽ አከራይ ነጻ ነው፣ ግን ነጻ ነኝ ብሎ ቅጽ ሞልቶ መመዝገብ አለበት። ሳይመዘገብ «እኔ ትንሽ ነኝ እኮ» ማለት አይሰራም፣ ቁጥጥሩ ውስጥ እንዳለ ይቆጠራል። ቤቱን በኩባንያ ስም ያደረገ ሰው ደሞ ይሄ ነጻነት ሊቀርበት ይችላል፣ «ኤልኤልሲ ክፈት» የሚሉ መካሪዎች ይሄን አይነግሯችሁም።

ታክሱስ?

ቤቱን በሃሳባችሁ በቢላ ቁረጡት። የምትኖሩበት ቁራጭ ቤታችሁ ነው፣ የሚከራየው ቁራጭ ንግዳችሁ ነው። የቤዝመንቱ የራሱ ወጪ፣ ለምሳሌ ፍሪጁ፣ ሙሉ በሙሉ ከኪራይ ገቢው ይቀነሳል፣ የጋራው፣ ጣሪያ፣ ኢንሹራንስ፣ ወለድ፣ በስፋት ይካፈላል። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ማስጠገን ጥገና ነው፣ በዛው ዓመት ይቀነሳል። አዲስ መታጠቢያ ቤት መስራት ግን ማሻሻል ነው፣ በዓመታት ይከፋፈላል።

ከዛ እርጅና የሚሉት አለ። መንግስት የሚከራየው ህንጻ በ27.5 ዓመት ያረጃል ብሎ ይገምታል፣ መሬቱ አያረጅም። የህንጻው ዋጋ ብቻ 300,000 ከሆነና ሲሶው የሚከራይ ከሆነ 100,000 ለ27.5፣ በዓመት 3,636 ዶላር ከኪስ ሳይወጣ ወጪ ሆኖ ይመዘገባል። ደስ ይላል። ቤቱን ስትሸጡ ግን የቀነሳችሁት እርጅና እስከ 25 ፐርሰንት ድረስ ታክስ ይደረጋል፣ ደሞ ለብቻ በር ለብቻ ኩሽና ያለው የተከራየ ዩኒት ከሆነ የመኖሪያ ቤት ትርፍ የሚያገኘው የ250,000 (ለባልና ሚስት 500,000) ነጻነት ለናንተ ቁራጭ ብቻ ነው የሚሰራው። ስለዚ ቤቱን የገዛችሁበትንና ያደሳችሁበትን ደረሰኝ ሁሉ አስቀምጡ፣ ከአስር ዓመት በኋላ ነው የሚፈለገው፣ እኔ የጫማ ካርቶን ውስጥ ነው የማስቀምጠው፣ በየዓመቱ ፎቶ አንስቼ።

ተከራዩ ሲወጣ፣ ሲገባ ያስያዘውን ብር (ማስያዣውን) እንዴት ነው የምመልሰው?

ዲሲ ላይ ማስያዣ ከአንድ ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም፣ ወለድ በሚያስገኝ ለብቻው በሆነ አካውንት ውስጥ መቀመጥ አለበት፣ ከራሳችሁ ብር ጋር አይቀላቀልም። ተከራዩ ሲለቅ 45 ቀን አላችሁ፣ ወይ ትመልሳላችሁ ወይ ለምን እንደምትይዙ በጽሁፍ ታሳውቃላችሁ። ምስማር የተመታበት ቀዳዳ፣ የደበዘዘ ቀለም፣ ሰው ሲኖር የሚመጣ ነው፣ አይቆረጥበትም። የተሰበረ በር ይቆረጥበታል። ማስረጃው ፎቶ ነው፣ ሲገባ አንድ፣ ሲወጣ አንድ፣ ሁለታችሁም ባላችሁበት።

ያ የሻወሩ ልጅ ከዛች ሌሊት በኋላ ይወጣል ብዬ ነበር፣ አራት ዓመት ቆየ። ሲያገባ ነው የለቀቀው። ቤቱን አብረን ዞረን አየን፣ ፎቶ አነሳሁ፣ ማስያዣውን ከነወለዱ በቼክ ጽፌ ሰጠሁት። ወለዱን ሲያየው ሳቀ፣ «ጋሼ ይሄ ማኪያቶ አይገዛም» አለኝ፣ ከዛ ቁልፉን ሊሰጠኝ እጁን ዘርግቶ መልሶ ሰብሰብ አደረገና «ግን ያ ቫልቭ በየዓመቱ መከፈትና መታጠብ አለበት፣ ቧንቧ ሰራተኛው የነገረህን አትርሳ» አለ። ረስቼው ነበር።